የልጅ መኝታ ክፍልን በእጅ ሥራ ማስጌጥ፦ ከግድግዳ ፍተሻ እስከ መስቀያው

ልጅ ክፍል ውስጥ የተለጠፈ ጌጥ በሁለተኛው ሳምንት የግድግዳውን ቀለም ልጦ ይወርዳል። በቀለም የተጻፈው ስም ጫፍ ጫፉ ይንጠባጠባል። ሰሌዳ የተሰቀለበት ሚስማር ልስኑን ይዞ ይወድቃል። በሦስቱም ጊዜ ሰው ሙጫውን፣ ቀለሙን ወይም ሚስማሩን ይቀይርና ደግሞ ይሞክራል፤ ደግሞም ይበላሽበታል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ግድግዳው ላይ ነው። መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የግድግዳው ዓይነት ከቤት ቤት ይለያያል። የልደታ ኮንዶሚኒየም ክፍል የሚፈልገውን አያያዝ አራት ኪሎ አካባቢ ያለ አሮጌ የጭቃ ቤት አይፈልገውም። ስለዚህ ጨርቅና ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ደረጃ 1ን እና ደረጃ 2ን ጨርሱ።

በዚህ መመሪያ የሚሠሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ በስፖንጅ የሚታተም የልጁ ስም፣ የልጁ ሥዕሎች የሚሰኩበት የጨርቅ ሰሌዳ፣ ከጨርቅ ቁራጭ ተሰፍቶ ከላይ የሚንጠለጠል ጌጥ። በበጋ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ይበቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባለው ክረምት ከሆነ እዚህ የተጻፈውን የማድረቂያ ጊዜ ሁሉ እጥፍ አድርጉት።

ደረጃ 1፦ ግድግዳችሁን ለዩ

በጣታችሁ አንጓ ከላይ እስከ ታች፣ ከግራ እስከ ቀኝ አንኳኩ።

ኮንክሪት፦ በሁሉም ቦታ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ብዙውን ጊዜ አምድ ወይም ቢም ነው። ሚስማር ይታጠፍበታል። ቀለም ይቀበላል፤ ለመስቀያ ግን ሌላ ቦታ ብትመርጡ ይሻላል።

ብሎኬት፦ ድምፁ አንዴ ድፍን፣ አንዴ ባዶ ይሆናል። የብሎኬቱ ውስጥ ክፍት ስለሆነ በቀጥታ የተመታ ሚስማር ልስኑን ይሰነጥቃል፤ ለጥቂት ቀን ይዞም ይለቃል። በትራፓኖ በ6 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ብሱና 6 ቁጥር ፊሸር (ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) አስገቡ። ትራፓኖው የመዶሻ ማብሪያ ካለው አጥፉት፤ በመዶሻ የተበሳ ብሎኬት ከጀርባው ይፈርሳል፣ ቀዳዳውም ከፊሸሩ ይሰፋል።

አግሮስቶን፦ በአንዳንድ ኮንዶሚኒየሞች የውስጥ መከፋፈያ ነው። ስስ ነው፣ ሲንኳኳም ባዶ ይሰማል። ቀለምና ቀላል ጨርቅ ይችላል፤ ሰሌዳና መደርደሪያ አትስቀሉበት።

ጭቃ፦ ሚስማር በጭቃው ብቻ ከተያዘ ይፈረፍረዋል። ከኋላው ያለውን ቋሚ እንጨት ፈልጉ። ድምፁ ጠጠር የሚልበትን ቁልቁል መስመር በጠመኔ ምልክት አድርጉና በቀጭን ሚስማር ሞክሩት። ሚስማሩ ልስኑን ካለፈ በኋላ ከላላ እዚያ ጭቃ ነው፤ ተቃውሞ ካገኘና ሲነቅሉት ከያዘ እንጨቱን አግኝታችኋል። የመስቀያ ቦታችሁን የሚወስነው ያ እንጨት ነው፣ እናንተ የፈለጋችሁት መሀል አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሶኬት ወይም ከማብሪያ ማጥፊያ በቀጥታ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ባለው መስመር ላይ አትብሱ፣ ሚስማርም አትምቱ። የ220 ቮልት ገመዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው በዚያ ነው። ስትበሱ የክፍሉን መስመር ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ሳጥን አጥፉ፤ ትራፓኖውን ከሌላ ክፍል ሶኬት ላይ ሰኩት።

ደረጃ 2፦ ሦስት ፍተሻ

የመዳፍ ፍተሻ። ጥቁር ጨርቅ በመዳፋችሁ ይዛችሁ ግድግዳውን አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጋችሁ እሹት። ነጭ ዱቄት ከያዘ ቀለሙ ኖራ ወይም ያረጀ ርካሽ ውሃ ቀለም ነው፤ ምንም ነገር አይለጠፍበትም፣ የምትቀቡትም ከዱቄቱ ጋር ይረግፋል። መፍትሔው ይኸውላችሁ፦ በተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ ጥረጉት፣ አንድ ቀን አድርቁ፣ ከዚያ 1 እጅ ነጭ ኮላ በ5 እጅ ውሃ በጥብጡና ጌጡ የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ በሰፊ ቡሩሽ አንድ ጊዜ ቀቡት። አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። ሲደርቅ ድጋሚ እሹት፤ አሁንም ዱቄት ካለ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ቀቡ። ኮላውን አወፍራችሁ በአንድ ጊዜ ለመገላገል አትሞክሩ፤ ይብለጨለጫል፣ ቀለምም ያንሸራትታል።

የፕላስተር ፍተሻ። ወረቀትማውን የቀቢዎች ፕላስተር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ ለጥፉ፣ ሩብ ሰዓት ቆዩ፣ ቀስ ብላችሁ ላጡ። ቀለም ይዞ ከተነሳ የላላውን ቀለም በስፓቱላ ፋቁ፣ ጉድጓዱን በስቱኮ ሙሉ፣ በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ፣ በግድግዳው ቀለም ቀቡ። የግድግዳው ቀለም ትራፊ ከሌላችሁ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቅርፊት ቀለም ቤት ወስዳችሁ በዚያው ልክ አስበጥብጡ። ይህን ቀለም አትጨርሱት፤ በኋላ ስህተት የሚታረመው በእሱ ነው።

የላስቲክ ፍተሻ። ግድግዳው ጥቁር ነጠብጣብ፣ ያበጠ ቀለም ወይም ነጭ የጨው ብናኝ ካለው 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ጥርት ያለ ላስቲክ አራት ጠርዙን አሽጋችሁ ለጥፉና አንድ ቀን ተዉት። ጤዛው በላስቲኩና በግድግዳው መሀል ከሆነ እርጥበቱ የሚመጣው ከግድግዳው ነው፦ ከጀርባው ካለ ባኞ ቤት፣ ከጣሪያ ወይም ከመሬት። ምንጩ ሳይዘጋ ምንም አታስጌጡበት፣ በሌላኛው ግድግዳ ሥሩ። ጤዛው ከላስቲኩ በላይ ከሆነ ግን የክፍሉ አየር ነው፤ መስኮት በየቀኑ መክፈትና አልጋውን ከግድግዳው በአንድ ጣት ርቀት ማራቅ ይበቃል።

ሻጋታውን በበረኪና ማጽዳት ይቻላል፦ አንድ የሻይ ብርጭቆ በረኪና በ2 ሊትር ተኩል ውሃ። ልጁ ክፍሉ ውስጥ አይኑር፣ መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ስለ አሮጌ ቀለም አንድ ነገር። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 90 እጅ፣ እንዳይበልጥ ተከልክሏል፤ በአሮጌ ቤት በርና መስኮት ላይ ያለው ዘይት ቀለም ግን ከዚያ በፊት የተቀባ ሊሆን ይችላል። እርሳስ የትንንሽ ልጆችን አእምሮ ይጎዳል፣ የሚገባውም በአቧራው በኩል ነው። ስለዚህ አሮጌ ዘይት ቀለምን በደረቁ አትፈግፍጉ፤ የብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ እየነከራችሁ ሥሩ፣ ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ለቅማችሁ ጣሉ። ለአዲሱ ሥራ ደግሞ ውሃ ቀለም ብቻ ተጠቀሙ፤ አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) የሚፈልግ ቀለም ልጅ የሚተኛበት ክፍል አይግባ።

ደረጃ 3፦ ዕቃ

ለስሙ፦ 1 ሊትር ነጭ ውሃ ቀለም (ይተርፋል) እና ሁለት ዓይነት ማቅለሚያ፣ የፍራሽ ስፖንጅ ቁራጭ፣ ወረቀትማ ፕላስተር፣ ከተር፣ ማርከር፣ ያገለገለ የራጅ ፊልም ወይም ጠንከር ያለ የፕላስቲክ ፋይል ሽፋን፣ ጠመኔ፣ ክር፣ ውሃ ልክ።

ለሰሌዳው፦ 60 በ90 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ ኮምፔርሳቶ (ስስ የተነባበረ ጣውላ)፣ በዚያው ልክ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ፣ 80 በ110 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ፣ 12 ሜትር ጥብጣብ፣ የስቴፕል ሽጉጥ።

ለተንጠልጣዩ፦ 1 ሜትር አቡጀዲ ወይም የጨርቅ ቁራጮች፣ 3 ሜትር ተኩል ጥብጣብ፣ መርፌና ክር።

አቡጀዲ፣ ጥብጣብና ስፖንጅ መርካቶ በአንድ ዙር ይገኛሉ። ጥበብ ያለው ሸማ ከፈለጋችሁ ሽሮ ሜዳ ሂዱ፤ ነገር ግን ለልጅ ክፍል አዲስ መግዛት አያስፈልግም፣ ያረጀ ነጠላ ወይም ቀሚስ ጥለቱ ብቻ ደህና ከሆነ በቂ ነው። ኮምፔርሳቶውን የገዛችሁበት ቦታ በማሽን ያስቆርጡላችሁ። ቤት ውስጥ በእጅ መጋዝ የተቆረጠ ጠርዝ ይሰነጠራል፣ ጨርቁንም ይበሳል።

ደረጃ 4፦ ቁመት

ብዙ ሰው የልጅ ጌጥ የሚሰቅለው በራሱ ዓይን ልክ ነው፤ ልጁ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ካልሆነ አያየውም። ልጁን ጫማ አውልቆ ግድግዳው ላይ አስደግፉትና በዓይኑ ትይዩ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። የሰሌዳው መሀል በዚያ ምልክት ላይ ይረፍ። ስሙ ከምልክቱ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይጻፍ፤ ልጁ ሲያድግ ይደርስበታል። ተንጠልጣዩ ጌጥ ግን ከወለል 2 ሜትር በታች አይውረድ። ልጁ የሚደርስበት ማንኛውም ተንጠልጣይ ክር ከ20 ሴንቲ ሜትር ማነስ አለበት፤ ረዘም ያለ ክር አንገት ላይ ይጠመጠማል። ከአልጋው ራስጌ በላይ ጠጣር ነገር አትስቀሉ።

ደረጃ 5፦ ስሙን ማተም

ከሦስቱ ሥራዎች ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ጊዜያችሁን ስጡት።

1. ፊደላቱን በ20 ሴንቲ ሜትር ቁመት አትሙ ወይም ጻፉ። እያንዳንዱ በአንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ይገባል። የመስመሩ ውፍረት 3 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ካነሰ ስፖንጁ ያጥለቀልቀዋል።

2. የራጅ ፊልም ከሆነ በበረኪና ውሃ ለሁለት ሰዓት ዘፍዝፉት፤ ጥቁሩ ይለቅቅና ጥርት ይላል። አጥባችሁ አድርቁት፣ በወረቀቱ ላይ አንጥፉና ከሥሩ የሚታየውን ፊደል በማርከር ተከትላችሁ ሣሉ።

3. ድልድይ አስቀሩ። የእኛ ፊደል ችግሩ ይህ ነው፦ መ፣ ቀ፣ ወ፣ ዐ፣ ፀ ውስጣቸው የተዘጋ ነው። ዙሪያውን ከቆረጣችሁት መሀሉ ተቆርጦ ይወድቅና ፊደሉ ድፍን ይሆናል። መቅደስ የሚለውን ስም ብትወስዱ መ ሁለት ዓይን አላት፣ የቅም ክብ ዝግ ነው። ለእያንዳንዱ ዝግ ቦታ መሀሉን ከውጩ ጋር የሚያያይዙ ሁለት ድልድዮች፣ እያንዳንዳቸው 5 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ሳትቆርጡ ተዉ። እንደ ቤ እና ሌ ያሉ ኃምስ ፊደላት እግር ላይ ያለችውን ቀለበት፣ የሎና የቶንም አናት አትርሱ። ቀለበቷ በጣም ትንሽ ከሆነች ድፍን አድርጋችሁ ቁረጡና መሀሏን በኋላ በግድግዳው ቀለም ነጥብ አድርጉ።

4. በወፍራም ካርቶን ላይ አድርጋችሁ በከተር ቁረጡ። ኩርባ ላይ ከተሩን አታዙሩ፣ ፊልሙን አዙሩ። ድልድይ ከተቆረጠባችሁ በሁለቱም በኩል በስኮች ለጥፉት፤ ችግር የለውም። እያንዳንዱ ፊልም ላይ «ላይ» ብላችሁ በፊት ለፊቱ ጻፉ። ሀ ወይም ተ ቢገለበጥ ብዙም አይታወቅም፣ ሊ እና ነ ከተገለበጡ ግን ልጁ ራሱ ያርማችኋል።

5. መስመር ያዙ። ክሩን በጠመኔ ቀብታችሁ ለሁለት ወጥራችሁ ያዙ፣ በውሃ ልክ አስተካክሉ፣ ከመሀሉ ስባችሁ ልቀቁት። ከወለሉ እየለካችሁ አትሥሩ፤ ወለል ራሱ ያዘነብላል።

6. ክፍተቱን አስተካክሉ። እንደ ሉ እና ሊ ያሉት በስተቀኝ ቅጥል ስላላቸው ከመሀል እስከ መሀል ብትለኩ ስሙ የተበታተነ ይመስላል። በፊደላቱ መካከል የሚቀረውን ባዶ ቦታ እኩል 4 ሴንቲ ሜትር አድርጉ። ሁሉንም ወረቀቶች መጀመሪያ በፕላስተር ለጥፋችሁ ከበሩ ላይ ቆማችሁ እዩ።

7. ፊልሙን በአራቱ ጎን ለጥፉ። ከዚያ የግድግዳውን የራሱን ቀለም በስፖንጅ ስስ አድርጋችሁ በቆረጣችሁት ጠርዝ ዙሪያ ንኩ። ከፊልሙ ሥር የሚገባ ካለ የሚገባው ይኸው ቀለም ስለሆነ አይታይም፤ ቀዳዳውን ግን ይዘጋዋል። 30 ደቂቃ ቆዩ።

8. አሁን ዋናው ቀለም። 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ጫፉን ብቻ ንከሩ፣ ጋዜጣ ላይ ደጋግማችሁ ምቱ። ጋዜጣው ላይ እርጥብ ክብ እየተወ ከሆነ ገና ብዙ ነው፤ የስፖንጁ ቀዳዳ ቅርጽ ነጠብጣብ ሆኖ መታየት ሲጀምር ልኩ ያ ነው። ቀጥ አድርጋችሁ ምቱ፣ አትጥረጉ። የመጀመሪያው ዙር የሳሳና ያልተሟላ መምሰል አለበት። በየ30 ደቂቃው ሦስት ዙር ሥሩ።

9. የመጨረሻው ዙር ሳይጠነክር ፊልሙን ከአንድ ጥግ ጀምራችሁ ወደ ኋላ አጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ቀጣዩን ፊደል ከማስቀመጣችሁ በፊት የፊልሙን ጀርባ ጥረጉ።

ከተበላሸ

ቀለሙ ከፊደሉ ጫፍ ካለፈ፦ እርጥቡን አትንኩት፣ ይሰፋል። አንድ ቀን ካደረቃችሁ በኋላ ያለፈውን በቀጭን ቡሩሽ በግድግዳው ቀለም ሸፍኑት።

ፕላስተሩ ቀለም ከላጠ፦ የተላጠውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክላችሁ ስስ ስቱኮ ስጡት፣ ቀቡት። ለቀጣዩ ፊደል ፕላስተሩን መጀመሪያ ልብሳችሁ ላይ አንድ ጊዜ ለጥፋችሁ አንሱት፤ ኃይሉ ይቀንሳል።

ስሙ ካዘነበለ፦ አንድ ፊደል ብቻ ከሆነ በግድግዳው ቀለም ሁለት ዙር ሸፍናችሁ በነጋታው ድገሙት። ሦስት ፊደል ካለፋችሁ በኋላ ከታወቃችሁ ግን ሁሉንም ሸፍኑ፤ እየጠጋገኑ መቀጠል የባሰ ያሳያል።

ደረጃ 6፦ የሥዕል ሰሌዳ

ይህ ሰሌዳ መርፌም ሆነ ስፒል አይፈልግም፤ ሥዕሉ በጥብጣቡ ሥር ይሻጣል። ለልጅ የመረጥነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጨርቁን አስቀድማችሁ አጥባችሁ ተኩሱ። ጨርቅ፣ ስፖንጅ፣ ኮምፔርሳቶ በዚህ ቅደም ተከተል ወለል ላይ ደርድሩ። ጨርቁን ወደ ጀርባ አጥፋችሁ በአራቱ ጎኖች መሀል ላይ አንድ አንድ ስቴፕል ምቱ፤ ከዚያ ከመሀል ወደ ጥግ እየሄዳችሁ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ቀጥሉ። ከጥግ የጀመረ ሰው መሀል ላይ የማይጠፋ እጥፋት ይቀርበታል። ጥጎቹን መጨረሻ ላይ እንደ አልጋ አንሶላ አጥፉ።

ጥብጣቡን በሰያፍ በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት በሁለቱም አቅጣጫ ወጥሩ፣ ስፖንጁን ትንሽ እስኪጫነው ድረስ። በሚሻገሩበት ቦታ በክር ሁለት ሦስት ጊዜ ወግታችሁ ጀርባ ላይ ቋጥሩ፤ አዝራር አትስፉበት፣ ትንሽ ልጅ ነቅሎ ይውጠዋል። ጥብጣቡ ከሳምንት በኋላ ከላላ የአንዱን ጫፍ ስቴፕል አውጥታችሁ ድጋሚ ወጥሩ።

በብሎኬት ላይ በሁለት ፊሸር ስቀሉ። ኮምፔርሳቶውን ከላይ በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ቦታ በብሎን አጥብቃችሁ እሰሩት፤ በገመድ የተንጠለጠለ ሰሌዳ ልጅ ሲጎትተው ይወርዳል። ፊሸሩ ቀዳዳው ውስጥ ከዞረ አውጡት፣ ቀዳዳውን በጀሶ ሞልታችሁ አንድ ቀን አድርቁ፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ብላችሁ አዲስ ብሱ።

ደረጃ 7፦ ተንጠልጣይ የጨርቅ ጌጥ

ይህ ቀላሉ ነው። ከላይ 16፣ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን ከካርቶን ቁረጡና 15 ጨርቆች በእሱ ልክ አውጡ። በ4 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ስትሰፏቸው 2 ሜትር ከ96 ሴንቲ ሜትር ይሞላሉ፤ በሁለቱም ጫፍ 27፣ 27 ሴንቲ ሜትር ጥብጣብ ለማሰሪያ ይቀራል።

ሸማ ከሆነ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከተቆረጠ ወዲያውኑ ድርና ማጉ ይፈታል። የመቁረጫውን መስመር በማርከር አስምሩ፣ በመስመሩ ላይ በእኩል ውሃ የቀጠነ ኮላ በጣት ቀቡ፣ ሲደርቅ በመስመሩ ላይ ቁረጡ። ጥለቱን ከላይ በጥብጣቡ በኩል አድርጉት፤ ጫፉ ላይ ከሆነ ሹሉ ይቆርጠዋል፣ ውበቱም ይጠፋል።

ሁለቱን ጫፎችና መሀሉን በሦስት ቦታ እሰሩ። ግጥም አድርጋችሁ ብትወጥሩት መስቀያው ላይ ሸክም ይበዛል፤ በሁለት መስቀያ መሀል የአንድ መዳፍ ያህል ይርገብ። ከአምፖል 50 ሴንቲ ሜትር ራቁ፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሞቅ አሮጌ አምፖል ካለ በኤልኢዲ ቀይሩት። ከሕፃን አልጋ በላይ ይህን ጌጥ አታድርጉ።

ደረጃ 8፦ ልጁ ከመግባቱ በፊት

ቀለሙ ካለቀ በኋላ መስኮት ከፍታችሁ ቢያንስ አንድ ሌሊት ልጁን ሌላ ክፍል አስተኙት። ወለሉን ተንበርክካችሁ በእጃችሁ ዳስሱ፤ ስቴፕል፣ የከተር ስባሪና የጥብጣብ ቁራጭ የሚገኘው እንዲህ ነው። ሰሌዳውን በሁለት እጅ ይዛችሁ የልጁን ክብደት ያህል ወደ ታች ሳቡት። ከተነቃነቀ አውርዱትና ፊሸሩን አስተካክሉ እንጂ ብሎኑን እያጠበቃችሁ አትለፉት። ተንጠልጣዩን በየሦስት ወሩ አውርዳችሁ እጠቡ፤ አቧራው ልጁ ፊት ላይ ነው የሚረግፈው።